ገባ ወይስ ገባው?

«ልጅሽ ገባ?»

«ገባ፤ ተመስገን!»

በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ጊዜ፣ በየሰፈሩ በር ላይ የሚሰማው ወሬ ይኼው ነው። ጠያቂዋ «የት ገባ?» አትልም፤ «ምን ሊማር?» አትልም። መላሿም አታብራራም፤ ሁለቱም ተግባብተዋል። በአማርኛችን ሰው ሥራ ይገባል፣ ውትድርና ይገባል፣ ገዳም ይገባል። ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ቆሞ እልል የሚያስብለው «ገባ» ግን አንድ ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ።

ይኸው ግሥ አንዲት ፊደል ስትጨመርለት «ገባው» ይሆንና ሌላ ነገር ይናገራል፤ ተረዳ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ «ልጅሽ ገባው?» ብላ የጠየቀች ጎረቤት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። ጎረቤቷንስ ተዉአት። ትምህርት ቤቱም፣ አባትየውም፣ መንግሥትም ይህችን ጥያቄ አንስተው ሲጨነቁ የታዩት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። እሱም ነገሩ ከእጅ ካመለጠ በኋላ።

እስቲ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አስቁሙና ዕቅዱን ጠይቁት። «ዩኒቨርሲቲ መግባት» ይላችኋል። ከዚያስ? «መመረቅ።» ከዚያስ? እዚህ ላይ ፈገግ ይላል፤ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስለዋል። ደፈር ያለው «ከዚያማ መውጣት ነዋ!» ይላችኋል። መውጣት ሲባል ከአገር ነው፤ እሱም እንደ «ገባ» ማብራሪያ የማይፈልግ ግሥ ሆኗል። መግባትና መውጣት። በሁለት ግሥ ተጀምሮ የሚያልቅ የሕይወት ዕቅድ! በመካከል ያሉት አራትና አምስት ዓመታት ምን ይሠራባቸዋል፣ ልጁስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይጨርሳቸዋል የሚለው ነገር በዕቅዱ ውስጥ ቦታ የለውም።

በዚህ ልጁን አትፍረዱበት። የሚማረውን እሱ አይመርጥማ! እርግጥ ነው፣ ፎርም ይሞላል። የሚሞላው ግን ሲያቅድ ሳይሆን ሲገምት ነው፤ «ይኼኛውን አንደኛ ካደረግኩት ያኛው ይቀርብኝ ይሆን?» እያለ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተማከረ፣ አምና የገባውን የአጎቱን ልጅ በስልክ እየጠየቀ። ምደባው ሲወጣ የሚናገርበትን ቃል ልብ ብላችሁ ስሙት። «ጅማ ደረሰኝ» ይላል። «ወልቂጤ ደረሳት» ይላሉ። ግቢ ከተገባ በኋላ ደግሞ «አካውንቲንግ ደረሰኝ»፣ «ሲቪል ደረሰው» ይቀጥላል። ዕቁብ ይደርሳል፣ ሎተሪ ይደርሳል፣ ኮንዶሚኒየም ይደርሳል። የአንድ ሰው የሙያ ዘመንም ከእነዚሁ ጋር ተሰልፎ ዕጣ ሆኗል። ዕጣው ያልጣመው ልጅ ቃሉን ትንሽ ያጣምመውና «ሶሲዮሎጂ ደረሰብኝ» ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ የደረሰበትን ሲማር የኖረ ሰው ተመርቆ ቢሮ ሲቀመጥ፣ ባለጉዳይ ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያጠቁረው ከምን የተነሣ እንደሆነ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም።

ልጁ በእርግጥ የሚመርጣት አንዲት ነገር አለች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ «ናቹራል» ወይስ «ሶሻል» የምትለዋ። እሷንም ቢሆን የሚመርጡለት ሌሎች ናቸው። በየቤታችን ባለው ያልተጻፈ ሕግ ጎበዝ ናቹራል ይገባል። ሶሻል የሚገባው አንድም ሒሳብ የከበደው ነው፤ አንድም የወላጁን ምክር ያልሰማ። ታሪክ እወዳለሁ የሚል ልጅ የገጠመው አባት «ታሪክ ይበላል እንዴ?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። (ይኼው አባት ማታ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ስለ ዓድዋ ሲከራከር ታገኙታላችሁ።) መንግሥትም ከአባትየው የተሻለ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተብሎ ተወሰነ። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋታል መባሉ ስህተት አልነበረም። ነገር ግን መሐንዲስ የሚወጣው ከኮታ ሳይሆን ከሒሳብ መምህር፣ ከላቦራቶሪና ከፋብሪካ ነው። ኮታው ሞላ፤ ሌሎቹ አልሞሉም። ብዙ ወጣት ሳይፈልገው የደረሰውን ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ በአምስት ዓመቱ ወጥቶ፣ ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተኮለኮለ።

ነገሩን ከሥሩ ካየነው ግን «መግባት» የሚባለው ዕቅድ የሞኝ ዕቅድ ሆኖ አልተጀመረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ነበሩ። ሦስት ሚኒባስ ታክሲ የሚያነሣቸው ማለት ነው። ያኔ የገባ ሰው ሲወጣ ወንበሩ ይጠብቀዋል፤ አገሪቱ ሚኒስቴርም፣ ባንክም፣ አየር መንገድም እያቋቋመች የምታስቀምጠው ሰው ታጣ ነበር። በደርግም ጊዜ የተመረቀ ሰው ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ ምደባ ይወጣለታል። ሩቅ ወረዳ ሊመደብ ይችላል፤ ደመወዝ ግን አለው። ስለዚህ በዚያ ዘመን «ገባ» የሚለው ቃል ሆዱ ሙሉ ነበር። ሥራ በውስጡ ነበረ፣ ጡረታ ነበረ፣ ታናናሾችን ማስተማር ነበረ፣ ለእናት ቤት ማደስ ነበረ። እናቶቻችን እልል ያሉት ለወረቀት አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን እናውቀዋለን። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ ይከፈት ጀመር፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህን መስፋፋት ለማጣጣል የሚቸኩሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልቆምም። ከዚያ በፊት የአርሶ አደርና የአርብቶ አደር ልጅ የማለፍ ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ ጅግጅጋና ሰመራ ዩኒቨርሲቲ መከፈቱ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። መግቢያው ሲበዛ «ገባ» በሚለው ቃል ሆድ ውስጥ የነበረው ሥራ አብሮ አልበዛም። ቃሉ ባዶ ቀረ፤ እልልታው ግን እንዳለ ቀጠለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ወጣቶች ሲታዩ አገሩ ሁሉ ቀለደ፤ አንዳንዱም አፈረ። ሲጀመር ድንጋይ ማንጠፍ ምኑ ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ድንጋይ ለማንጠፍ ሦስትና አራት ዓመት ሌላ ነገር ማስተማሩ ነበር። በዚያ ላይ ልጁ ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ፈርሞ፣ ለተማረውና ላልሠራበት ዕዳ ይዞ ነው የወጣው።

ታዲያ ቃሉ ባዶ መሆኑ እየታየ እኛ ምን አደረግን? ጋዋኑን አበዛነው። አሁን አሁን መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰ የስድስት ዓመት ልጅ ጥቁር ጋዋን ለብሶ፣ ያንን አራት ማዕዘን ቆብ ደፍቶ፣ ፎቶ ቤት ይቆማል። ወላጅ ይከፍላል፣ ትምህርት ቤቱ ያከራያል፣ ኬክ ይቆረሳል። ልጁ ገና ፊደል ለይቶ ሳይጨርስ መመረቅን ለመደ። አድጎ ዕቅዱን ሲጠየቅ «መመረቅ» ቢል ምን ይገርማል?

ወደ ፈተናው እንምጣ። በሩ አንድ ሲሆን ግፊያ አይቀርም። ኩረጃ በመጀመሪያ የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነበር፤ ኋላ ግን የማኅበረሰብ ሥራ ሆነ። አስተማሪው ልጆቹ እንዲያልፉለት፣ ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱ እንዲመሰገን፣ የአካባቢው ሹም ወረዳው እንዳያፍር፣ ሁሉም በየፊናው እጁን አስገባ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣና ፈተናው ሊጀመር በነበረበት ዕለት ተሰረዘ። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፈተናው እንዳይሾልክ ተብሎ የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። አንድ አገር ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ፈተና ብላ ኢንተርኔቷን ስትዘጋ፣ ጉዳዩ የፈተና ብቻ እንዳልሆነ ያኔ መንቃት ነበረብን።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ መላ መጣ። የ2014ቱ ተፈታኞች ከየወረዳቸው በአውቶቡስ ተጭነው ወደየዩኒቨርሲቲው ተወሰዱ፤ እዚያው አድረው፣ እዚያው በልተው ተፈተኑ። ለአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ መግባት ማለት ያች ሳምንት ብቻ ሆና ቀረች። ግቢውን አዩት፣ ዶርሙ ውስጥ ተኙ፣ ካፌውን ቀመሱት፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ከመቶ ሦስት ተኩል የማይሞሉ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ ከመቶ 3.2፣ በ2016ቱ 5.4፣ በ2017ቱ 8.4 ሆነ።

ፈተናው እንዲህ በመጥበቁ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት መብራት አብርቶ ያጠና ልጅ፣ መልስ በስልክ በተላከለት ልጅ ሲቀደም ኖሯል። ለእሱ ይህ ፈተና ዘግይቶ የደረሰ ፍትሕ ነው። ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ካለ መልሶ ያንን ልጅ ይበድለዋል።

ነገር ግን ውጤቱ በተሰማ ጊዜ የተባለውን አስታውሱ። አንዱ ወገን «ትውልዱ ሰንፏል፣ ቲክቶክ ላይ ተጥዶ» አለ። ሌላው ወገን «ሆን ተብሎ ልጆቻችንን ለመጣል ነው» አለ። ሁለቱም ጩኸት ውስጥ አንድ ነገር ጠፋ። አንድም ልጅ ያላለፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ሰነፍ ማን ነው? ሁሉም ልጆች በአንድ ጊዜ ሰንፈው ነው? አንድ ክፍል ሙሉ ሲወድቅ እኮ የወደቀው ክፍሉ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ማንም ሳይወድቅ ይዘዋወር የሚል አሠራር ነበረን፤ ከዚያ በላይም ቢሆን ማሳለፍ ልማድ ሆኖ ቆየ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ባልለመደው እንግሊዝኛ ሆነ። ፕላዝማ የሚባለው ነገር በመጣ ጊዜ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ መምህሩ ቴሌቪዥን ሆነ። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ማንም ይመልስ ማንም አይመልስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። «ገባችሁ?» ለማለት ዞር የሚል ዓይን የለውም። ያን ጊዜ በዚያ ክፍል የተቀመጡት ብዙዎቹ ዛሬ መምህራን ናቸው።

እንግዲህ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አልፈሃል» ሲባል ኖሮ፣ እውነቱ የተነገረው በመጨረሻዋ በር ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የዋሹት ሁሉ ዞር ብለው፣ ሒሳቡ ለእሱ ብቻ መጣለት። አስተማሪው ደመወዙን ይወስዳል፣ የትምህርት ቢሮው ኃላፊ በቦታው አለ፤ «የወደቀ» የሚል ስም የተለጠፈበት ልጁ ነው። ይህን ሳስብ በውጤቱ ማግስት በየመድረኩ «እውነቱን ተጋፈጥን» ሲባል የሚሰማኝ ደስታ ግማሽ ነው። እውነቱን የተጋፈጠው ማን ነው?

የመቶኛውን ከፍ ማለትም በጥንቃቄ ማየት ይበጃል። ከ3.3 ወደ 8.4 መውጣት መልካም ነው። ግን የተፈታኙም ቁጥር በዚያው ዓመታት ከ896 ሺህ ወርዶ በ2016ቱ ፈተና ወደ 680 ሺህ፣ በ2017ቱ ከ600 ሺህ በታች ሆኗል። ከሚፈተነው ውስጥ ያለፈው ሲጨምር እናጨበጭባለን፤ ወደ ፈተናው ሳይደርስ የቀረውን አንቆጥርም። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች እናውቃለን፤ በትግራይ በጦርነቱ የባከኑትን ዓመታት እናውቃለን። ሌላው የት ነው? ታላቅ ወንድሙ ሲወድቅ አይቶ ዘጠነኛ ክፍል ላይ «ምን ሊረባኝ?» ብሎ ደብተሩን የጣለ ልጅም አለበት። የእሱ ዕቅድ ከፈተናው በፊት ነው ያለቀው።

ሬሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል፤ ግማሽ ያላመጡ ግን የተሻሉ የተባሉ ተማሪዎች ለጥቂት ወራት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ። ጥሩ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላውን በአራትና አምስት ወር መሙላት ይቻላል ብሎ የሚያምን ግን ካለ፣ ወይ ወራቱ ረጅም ናቸው ወይ አሥራ ሁለቱ ዓመት ከመጀመሪያውም ትርፍ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን «ልጁ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ስለ ልጅቷ ልናገር፤ የእሷ ጉዳይ ይለያል። በገጠር ላለች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ» የሚለው ዕቅድ ለሥራ የተያዘ ዕቅድ ብቻ አይደለም፤ ጋሻ ነው። ሽማግሌ ሲላክባት አባቷ «ትማር፤ ትንሽ ቀርቷታል» ይላል። ዘመድም ዝም ይላል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ «ትንሽ ቀርቷታል»፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ «ትንሽ ቀርቷታል»። ለስድስትና ሰባት ዓመት ያስከበራት ይህ አንድ ቃል ነው። የፈተናው ውጤት ሲመጣና «አልገባችም» ሲባል የወደቀው ፈተናው አይደለም፤ ጋሻው ነው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። እነሱ ባይመጡ ደላላው ይመጣል፤ ፓስፖርቱን ከነዋጋው፣ ዓረብ አገሩን ከነደመወዙ ዘርዝሮ። ልጅቷ ያኔ የምትወስደውን ውሳኔ «የሥራ ዕድል» ብለን በሪፖርት እንጽፈዋለን። በሪያድና በቤሩት ኩሽናዎች ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሠርተፊኬት በሻንጣቸው ያለ ስንት እህቶች እንዳሉን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ባዮሎጂ የተማሩ፣ ሐኪም እሆናለሁ ያሉ። በመቶኛው ሠንጠረዥ ላይ እነሱ «ያላለፉ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ስማቸው የትም የለም።

«ታዲያ ቴክኒክና ሙያ ምን ሊሆን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው። ስለ ሙያ ክብር ስንት ንግግር ሰምተናል! ሹሙ መድረክ ላይ ወጥቶ ብየዳን ያመሰግናል፣ ቧንቧ ሥራን ያወድሳል፣ ጀርመንን በምሳሌ ይጠቅሳል። ከመድረኩ ሲወርድ የገዛ ልጁን የሚያስመዘግበው የት ነው? እኛም ብንሆን ያው ነን። በኢትዮጵያ ሙያ የሰው ልጅ የሚማረው ነገር ሆኗል፤ ሰው ስንል የጎረቤትን። ከዚህም የከፋው፣ ቴክኒክና ሙያን የመሠረትነው በውዳቂ ላይ መሆኑ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአሥረኛ ክፍል ፈተና መሰናዶ ያልገባ «ወደ ቴክኒክ» ተባለ። አሥረኛ ክፍል ፈተናው ከቀረ በኋላም ሐሳቡ አልቀረም፤ አሁን ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፈ «ወደ ቴክኒክ» ይባላል። አንድን ቤት የወደቁ ሰዎች መሰብሰቢያ አድርገህ ሠርተህ፣ በሩ ላይ «ክብር» ብለህ ብትጽፍ የሚያምንህ የለም። ልጆቹ ቂሎች አይደሉም። የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ ያነባሉ፤ «ዲግሪና ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል፣ ለጸሐፊነት ሳይቀር። ለዕድገት ዲግሪ፣ ለእርከን ዲግሪ፣ ለሚዜነት እንኳ ዲግሪ ያለው ይመረጣል። አንድ ጎበዝ በያጅ በወር የሚያገኘው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ደመወዝ ሊበልጥ እንደሚችል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ለመዳር ሲሆን ግን ሰፈሩ ሁሉ ወደ መምህሩ ያያል፤ መምህሩም ወደ በያጁ ያያል፤ ለገንዘቡ።

ይህን ክፍተት ቀድመው ያዩት የግል ኮሌጆች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ልክ አይደለም፤ በቁም ነገር የሚያስተምሩ አሉ። ብዙዎቹ ግን የሸጡት ትምህርት ሳይሆን ያንኑ «ገባ» የሚለውን ቃል ነው። በሬ ተሸጦ፣ ከዓረብ አገር የተላከ ብር ተጨምሮ ተከፈለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ነበሩ። ጋዋኑን የተከራዩ፣ ድግሱን የደገሱ፣ በግ ያረዱ ወላጆች ልጃቸው «ተመርቋል ግን አልተመረቀም» የሚባል አዲስ አማርኛ ተማሩ። መግቢያው ላይ ተጣርቶ ያለፈው ደግሞ መውጫው ላይ እንደገና ይጣራል። ለመንግሥቶቹም ቢሆን ከመቶ 38ቱ የቀሩት ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ማንም በልቶ ጠጥቶ አራት ዓመት ካስተማረው ውስጥ ከሦስት አንዱ በላይ አልገባውም ሲባል መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ ልጆቹ ዕቅድ አይኑራቸው ልትል ነው?» አለኝ። ኧረ ይኑራቸው! እኔን የሚቆረቁረኝ ዕቅዳቸው ትልቅ መሆኑ ሳይሆን ትንሽ መሆኑ ነው። «እገባለሁ» የምትል ልጅ «ወተት የሚያበላሸውን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ሰፈራችን በየቀኑ ይደፋል» ብትል፣ ያ ዕቅድ ባትገባም አይሞትም። ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ሳይንሱን ትማርበታለች፣ ቴክኒክ ብትገባ ወተት ማቀነባበር ትማርበታለች፣ ቤት ብትቀርም ቢያንስ የምትጠይቀው ጥያቄ አላት። ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ተቀምጦ «ምን ትወጃለሽ? ምን ይገርምሻል?» ብሎ ሊጠይቃት ይገባል። አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ለዚህ የተመደበ ሰው የለውም፤ ያለውም ቢሆን የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው።

ትልልቆቹን ጉዳዮች፣ መምህሩን፣ እንግሊዝኛውን፣ ላቦራቶሪውን፣ ለማስተካከል ዘመን ይፈልጋል፤ ይገባኛል። አንዲት ትንሽ ነገር ግን ዘንድሮም ማድረግ ይቻላል። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያለፉትን ቁጥር እስከ ነጥብ ድረስ ቆጥሮ ይነግረናል። ከዚያው ጎን ሌላ ሠንጠረዥ ይጨመር። አምና ያላለፉት ዛሬ የት ናቸው? ስንቱ በግል ደግሞ ተፈተነ? ስንቱ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ቀጠለ፣ ስንቱ ጀምሮ አቋረጠ? ስንቷ ተዳረች? ስንቷ ጅዳ ናት? ስንቱ ሱቅ ይጠብቃል፣ ስንቱ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ያያል? ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም አለ፤ ክልሎችም ወረዳዎችም ቢሮ አላቸው። «መረጃው አይገኝም» እንዳይሉን። ቀበሌው እያንዳንዳቸውን ያውቃቸዋል፤ ለስብሰባ ሲፈልጋቸው በየቤታቸው ሄዶ በስማቸው ነው የሚጠራቸው።